ከግመል ነጂ እስከ ኤሌክትሪክ ባቡር ነጂ፤ በጅቡቲ መሥመር ጐልማሳ ሠራተኞች ሙያ ስለ ለወጡበት ታሪክ

በጅቡቲ ከተማ ብዙው ሰፈር የሚጠራው በቍጥር ነው። ፈረንሳዮች ከተማዪቱን ሲመሠርቱ ለራሳቸው መኖሪያ የመረጡት በባሕሩ ዳር ከፍ ብሎ ነፋስ የሚያገኘውን ስፍራ ሲሆን፣ ሥራ ፍለጋ የመጣው ሶማሌ፣ አፋር፣ ዐረብና ኢትዮጵያዊ ከዚያ በስተደቡብ በተዘረጋው ዝቅተኛ ሜዳ ላይ ሰፈረ። አስተዳዳሪዎቹም ለዚህ ሰፈር ስም ለማውጣት አልተጨነቁም፤ ካርቲየ አንድ፣ ካርቲየ ሁለት እያሉ ቈጥረው እስከ ካርቲየ ሰባት አደረሱት። ከእንጨትና ከቈርቈሮ በተሠሩት ቤቶች ውስጥ ለኖረው ሠራተኛ ዋነኞቹ የእንጀራ በሮች ሁለት ነበሩ፤ ወደቡና የምድር ባቡሩ። ስለዚህ በወደቡ ወይም በሐዲዱ ላይ አዲስ መሣሪያ በመጣ ቍጥር በካርቲየ ሰባትና በመሰሎቹ ሰፈሮች የሚነሣው ጥያቄ አንድ ነው። የአርባ ዓመት ሰው፣ ቤተ ሰብ የሚያስተዳድር፣ እጁ በአንድ ሥራ የደነደነ፣ አዲሱን ሥራ ከማን ይማራል?

ስለዚህ መሥመር የተጻፈው አብዛኛው ነገር ስለ ውል፣ ስለ ገንዘብና ስለ መንግሥታት ክርክር የሚናገር ነው። ሠራተኛው ሙያውን እንዴት እንደ ለወጠ የሚነገረው በጥቂቱ ነው። ለአስተማሪና ለትምህርት ቤት ሹም ግን ከውሉ ታሪክ ይልቅ ይኸኛው ሳይቀርብ አይቀርም። (ከዚህ በታች የሚገኙት ዓመታት የኤውሮፓ ተብለው ካልተለዩ በቀር በኢትዮጵያ አቈጣጠር ናቸው።)

ከባቡሩ በፊት የነበረው ባለሙያ ግመል ነጂው ነበረ። ከታጁራ ወደ ሸዋ፣ ከዘይላ ወደ ሐረር የሚወጣው ነጋዴ ሁሉ ያለ እርሱ አንድ እርምጃ አይራመድም። ግመል ነጂነት ተራ የጕልበት ሥራ መስሎ የሚታየው ከሩቅ ለሚመለከተው ሰው ብቻ ነው። የውሃውን ጕድጓድ በየወሩ ማወቅ፣ ጭነቱን በግራና በቀኝ አመዛዝኖ ማሰር፣ የየጐሣውን ወሰን ለይቶ ከባላባቱ ጋራ መነጋገር፣ ይህ ሁሉ ከልጅነት ጀምሮ የሚጠና ሙያ ነበረ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የምድር ባቡር ሥራ ፈቃድ ሲሰጡ፣ ሥራውም በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ሲጀመር፣ ይህ ሙያ በአንድ ትውልድ ውስጥ ዋጋው እንደሚወድቅ በመንገዱ ያለው ሕዝብ ወዲያው ተረዳው። በኢሳ ምድር የሐዲዱን ሥራ የገጠመው ተቃውሞ ከብዙ ምክንያቶች የመጣ ቢሆንም፣ የጭነት ገቢው መቅረቱ ከዋነኞቹ አንዱ ነበረ።

ኩባንያው ለዚህ የሰጠው መልስ ትምህርት ሳይሆን ቅጥር ነበረ። አንዳንዱ የሐዲድ ጠባቂ ሆነ፣ አንዳንዱ ድንጋይ ተሸካሚ። የግመል ነጂው ዕውቀት ግን ለሐዲዱ ምንም አልጠቀመም፤ ወይም ጠቃሚ መሆኑን የጠየቀ አልነበረም። ውሃ በሌለበት በረሃ ውስጥ ውሃ የሚጠጣ ባቡር ሊያስኬድ ለመጣ ኩባንያ፣ ጕድጓዱን ሁሉ የሚያውቅ ሰው በድንጋይ ተሸካሚነት መቀጠሩ የሚያስገርም ነው።

ባቡሩ ድሬዳዋ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ነው። የመጀመሪያው ኩባንያ በገንዘብ እጥረት ከወደቀ በኋላ፣ በ1900 ዓ.ም. የተቋቋመው ሁለተኛው ኩባንያ ሥራውን ቀጥሎ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ አደረሰው። በጠቅላላው 784 ኪሎ ሜትር ያህል የሆነ፣ ከባሕር ወለል ተነሥቶ ከ2,300 ሜትር በላይ የሚወጣ፣ የሐዲዱ ስፋት አንድ ሜትር ብቻ የሆነ መሥመር ነበረ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሎኮሞቲቭ ነጂነትና የአውደ ጥገና አለቃነት በአብዛኛው በኤውሮፓውያን እጅ ሲሆን፣ የአገሩ ሰው በታችኛው ደረጃ ይሠራ ነበረ። ሆኖም የእንፋሎት ባቡር በተፈጥሮው መሰላል አለው። መጀመሪያ አመድ የሚጠርግ፣ ቀጥሎ መገጣጠሚያውን ዘይት የሚቀባ፣ ቀጥሎ ማገዶ እየጨመረ እሳቱን የሚጠብቅ፣ ከዚያም ከነጂው አጠገብ ቆሞ ዓመታት የሚያሳልፍ፣ በመጨረሻም መዘውሩን የሚይዝ ሰው አለ። ከታች የገባ ሰው፣ ዕድሜው ከትምህርት ቤት ዕድሜ ያለፈም ቢሆን፣ ሥራውን ሳይተው ወደ ላይ ሊማር ይችላል። የአገራችን አንጥረኛና ሸማኔ ልጁን ሲያስተምር የኖረው ከዚህ በማይለይ መንገድ ነው።

እዚህ ላይ ስለ አንድ ቃል መናገር ይገባል። በአማርኛ ዛሬ መኪና ነጂውን ሁሉ ሹፌር እንለዋለን። ቃሉ የፈረንሳይ ነው፤ በመጀመሪያ ትርጓሜውም መኪና ነጂ ማለት ሳይሆን አሞቂ፣ እሳት አንዳጅ ማለት ነበረ፤ ይኸውም በእንፋሎት ሞተር ላይ ማገዶ የሚጨምረው ሰው ነው። መኪና ሲፈጠር ስሙ ከእሳት አንዳጁ ወደ መኪና ነጂው ተሻገረ። ፉርጎ የሚለውም፣ ለገሃር የሚለውም ከዚሁ ከፈረንሳይ ቋንቋ የመጡ ናቸው። እሳት አንዳጁ ከሥራው ከወጣ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ ስሙ ግን በሺሕ በሚቈጠሩ ሰዎች መንጃ ፈቃድ ላይ ይኖራል።

ሁለተኛው ለውጥ የመጣው በ1940ዎቹ ዓመታት ነው። በጠላት ወረራ ዘመን ኢጣልያኖች በነዳጅ ሞተር የሚሄደውን ሊቶሪና አምጥተው ስለ ነበረ፣ ያለ እሳትና ያለ ጢስ የሚሄድ ባቡር ለመሥመሩ ሠራተኛ ፈጽሞ እንግዳ አልነበረም። ነገር ግን ሊቶሪናው ለመንገደኛ ነው እንጂ ከባድ ጭነት አይጐትትም። ከጦርነቱ በኋላ ኩባንያው ከስዊስና ከፈረንሳይ ፋብሪካዎች የናፍጣ ሎኮሞቲቮች እየገዛ የእንፋሎቶቹን ስፍራ አስያዛቸው። በጅቡቲና በድሬዳዋ መካከል ባለው በረሃ ይህ ከሌላ አገር ይልቅ ትልቅ ጥቅም ነበረው፤ የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ ውሃ ካልጠጣ አይንቀሳቀስም፣ ውሃውም ጨው የበዛበት ሲሆን ማፍያውን ይበላዋል። የናፍጣው ሎኮሞቲቭ ይህን ሁሉ ችግር በአንድ ጊዜ አስቀረ።

ይሁን እንጂ ከችግሩ ጋራ የችግሩን ባለሙያዎች አስቀረ። እሳት አንዳጁ ምን ያነድዳል? ማፍያውን የሚደፍነውና ቧንቧውን የሚለውጠው አንጥረኛስ ምን ይሠራል? በናፍጣው ሎኮሞቲቭ ውስጥ ሞተሩ መንኰራኵሩን በቀጥታ አያዞርም፤ ዲናሞ ያዞራል፣ ከዲናሞውም የሚወጣው ኤሌክትሪክ በመንኰራኵሮቹ አጠገብ ያሉትን ሞተሮች ይነዳል። ስለዚህ ሠራተኛው በዐይኑ የሚያየውን እሳት ትቶ የማይታየውን የኤሌክትሪክ ኀይል ማወቅ ነበረበት።

ልዩነቱ ከዚህም ጠለቅ ያለ ነው። በእንፋሎት ዘመን ዕውቀቱ ያለው በሠራተኛው አካል ውስጥ ነው። ጥሩ ነጂ የእሳቱን መልክ አይቶ፣ የእንፋሎቱን ትንፋሽ ሰምቶ፣ በእግሩ ሥር የሚሰማውን ንዝረት ለይቶ ባቡሩ ምን እንደ ጐደለው ያውቃል፤ ፊደል ሳይቈጥር እጅግ የተካነ ሊሆን ይችላል። በናፍጣው ዘመን ግን ከነጂው ፊት ለፊት ቍጥር የተጻፈባቸው መለኪያዎች ተደረደሩ፤ በአውደ ጥገናውም የሽቦ ንድፍ ያለበት መጽሐፍ ተቀመጠ። ከዕውቀቱ አንዱ ክፍል ከሰውነት ወጥቶ ወረቀት ላይ ሰፈረ ማለት ነው። የወረቀቱም ቋንቋ ፈረንሳይኛ ነበረ። በመሥመሩ ላይ ትእዛዙም፣ መዝገቡም፣ የመሣሪያውም ስም በዚህ ቋንቋ ስለ ሆነ፣ በድሬዳዋና በጅቡቲ የምድር ባቡር ሠራተኛ ዘንድ ፈረንሳይኛ ማወቅ የሙያው አንድ ክፍል እንጂ ጌጥ አልነበረም። ለጐልማሳው ሠራተኛ ከመፍቻና ከመዶሻ ይልቅ ይህ ሳይከብደው አልቀረም።

ሆኖም በ1940ዎቹ የመጣው ለውጥ ብዙውን ሠራተኛ ከነሙያው ጠራርጎ አላስወጣም። ለዚህ ምክንያቱ የኩባንያው ቸርነት ነው ማለት አይቻልም፤ ለውጡ የመጣበት መንገድ ነው። ሐዲዱ ያው፣ ጣቢያው ያው፣ አውደ ጥገናው ያው፣ አሠሪውም ያው ነበረ። የእንፋሎቱና የናፍጣው ሎኮሞቲቭ ለዓመታት በአንድ መሥመር ላይ ጐን ለጐን ሄዱ፤ ስለዚህ አንዱን የሚያውቅ ሰው ሌላውን እያየ ሊማር ቻለ። በድሬዳዋ ያለው ትልቁ አውደ ጥገና ያለ ደወልና ያለ ጥቍር ሰሌዳ ትምህርት ቤት ሆነ። በመዘውር መቅረጫው ላይ ብረት የሚቈርጠው ሠራተኛም ሙያው አልጠፋበትም፤ ለእንፋሎቱ ይቀርጽ የነበረውን ለናፍጣው ቀረጸ።

በሌላው ዓለም ይኸው ጥያቄ በጭቅጭቅ ነበር የተፈታው። በአሜሪካ የባቡር ሠራተኞች ማኅበራት እሳት አንዳጁ በናፍጣ ሎኮሞቲቭ ላይም እንዲቀመጥ ስላስገደዱ፣ እሳት በሌለበት ባቡር ላይ እሳት አንዳጅ ለብዙ ዓመታት ደመወዝ ሲበላ ኖረ። ነገሩ በኤውሮፓ አቈጣጠር በ1963 በሸንጎ ዳኝነት ስፍራው ቀስ በቀስ እንዲቀር እስኪወሰን ድረስ ቀጠለ። ያ ሰው እንጀራውን አገኘ፤ አዲስ ሙያ ግን አልተማረም። የድሬዳዋው ሠራተኛ በአንጻሩ እንዲህ ያለ ጠንካራ ማኅበር ሳይኖረው የተማረው ብዙ ነው።

ከዚህ በኋላ ለረጅም ጊዜ አዲስ ነገር አልመጣም። በ1969 ዓ.ም. ጅቡቲ ነጻ አገር ሆነች፤ በዚያው ወራት የተነሣው የኦጋዴን ጦርነት ድልድዮቹን አፍርሶ መሥመሩን ዘጋው። ባቡሩ እንደገና ሲጀምርም የቀድሞ ጕልበቱን አላገኘም። በሁለቱ መንግሥታት ስም እኩል በእኩል የቆመው ድርጅት ዕቃ ለመለወጫ የሚሆን ገንዘብ ስላልነበረው፣ የአውደ ጥገናው ሰዎች የጠፋውን ዕቃ ራሳቸው እየቀረጹ፣ ከአንዱ ሎኮሞቲቭ እየፈቱ ለሌላው እየገጠሙ ብዙ ዘመን አቈዩት። ይህ ትልቅ ጥበብ ነው፤ ነገር ግን በሌላ ስፍራ የማይሸጥ ጥበብ ነው። ከአሮጌ መሣሪያ ጋራ እየተካነ የሄደ ሰው ከአዲሱ እየራቀ ይሄዳል፤ ጥፋቱም የእርሱ አይደለም።

በዚሁ ዘመን በወደቡ በኩል ሌላ ለውጥ ይመጣ ነበረ። በኤውሮፓ አቈጣጠር በ1956 ማልኮም ማክሊን የተባለው አሜሪካዊ የመኪና ጭነት ነጋዴ በኒው ጀርዚ ወደብ ሃምሳ ስምንት የብረት ሣጥኖች በአንድ መርከብ ላይ ሲጭን፣ ነገሩ ወደ ቀይ ባሕር በር የሚደርስ ለማንም አልመሰለም። ኮንቴነር የተባለው ይህ ሣጥን ከመርከብ ወደ መኪና የሚተላለፈው በክሬን ስለ ሆነ፣ በጀርባው ከረጢት ይሸከም የነበረው የወደብ ሠራተኛ ከመካከል ይወጣል። በአሜሪካ የምዕራብ ጠረፍ የወደብ ሠራተኞች ማኅበር በ1960 ከመርከብ ባለቤቶች ጋራ ተዋውሎ፣ ማሽኑ እንዲገባ ሲፈቅድ ለሠራተኛው መጦሪያ የሚሆን ገንዘብ በልዋጩ አስመደበ። በጅቡቲ ግን የወደብ ሠራተኛው ብዙ ጊዜ በቀን ሒሳብ የሚቀጠር ሰው ነበረ፤ በቀን ለሚቀጠር ሰው ደግሞ ማን ይዋዋልለታል?

በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋራ በተነሣው ጦርነት ምክንያት የኢትዮጵያ ንግድ ሁሉ ማለት ይቻላል ወደ ጅቡቲ ስለ ዞረ፣ የጭነቱ ብዛት የሰውን ጕልበት ፍላጎት ለጊዜው አቈየው። በ2001 ዓ.ም. የዶራሌ የኮንቴነር ወደብ በታላላቅ ክሬኖቹ ሥራውን ሲጀምር ግን የሥራው ጠባይ በግልጽ ተለወጠ። ስንዴና ማዳበሪያም እንኳ በገፍ መጥቶ ከረጢት ውስጥ የሚገባው በማሽን ነው፤ ለተሸካሚው የቀረለት ከማሽኑ አፍ እስከ መኪናው ያለው ጥቂት ርቀት ነው። የክሬን ነጂነት ጥሩ ደመወዝ ያለው ሙያ ነው። ነገር ግን ከተሸካሚነት ወደ ክሬን ነጂነት የሚያወጣ መሰላል የለም። አመድ ጠራጊው ነጂ የሚሆንበት መንገድ በእንፋሎት ባቡር ላይ ነበረ፤ በክሬኑና በከረጢቱ መካከል ግን ባዶ ነው።

ሦስተኛውና ትልቁ ለውጥ የአዲሱ ባቡር መምጣት ነው። አሮጌው መሥመር በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት እየቈራረጠ ከቆመ በኋላ፣ የቻይና ኩባንያዎች የሠሩት በኤሌክትሪክ የሚሄደው አዲስ መሥመር መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አጠገብ በለቡ፣ ጥር 2 ቀን በዚያው ዓመት በጅቡቲ በናጋድ ጣቢያ ተመረቀ፤ መደበኛ ሥራውንም በ2010 ዓ.ም. ጀመረ። በዚህ ጊዜ የተለወጠው አንድ ነገር ብቻ አልነበረም። ሐዲዱ ከአንድ ሜትር ወደ 1,435 ሚሊ ሜትር ሰፋ። ኀይሉ በራስጌ ሽቦ የሚመጣ የ25,000 ቮልት ኤሌክትሪክ ሆነ። ጣቢያዎቹ ከከተማው መካከል ወጥተው ዳር ላይ ተሠሩ፤ የድሬዳዋው አዲስ ጣቢያ ከአሮጌው አውደ ጥገና የራቀ ነው፣ የጅቡቲውም ናጋድ እንዲሁ ከቍጥር ሰፈሮቹ ውጭ ነው። አሠሪው ድርጅት አዲስ ነው። የመሣሪያው ቋንቋ ከፈረንሳይኛ ወደ ቻይንኛና ወደ እንግሊዝኛ ዞረ፤ ብልሽቱም በነጂው ፊት ባለው መስኮት ላይ በጽሑፍ ይመጣል እንጂ በጆሮ አይሰማም። በ1940ዎቹ አንድ ነገር ብቻ ሲለወጥ ሌላው ሁሉ ጸንቶ ስለ ነበረ ሠራተኛው የሚቆምበት መሬት ነበረው። በ2009 ዓ.ም. ግን ሁሉም ነገር በአንድ ቀን ተለወጠ።

ለአዲሱ መሥመር የተመለመሉት በአብዛኛው ከቴክኒክ ትምህርት ቤትና ከዩኒቨርሲቲ የወጡ ወጣቶች ናቸው። ይህ በራሱ የሚነቀፍ አይደለም፤ ኤሌክትሪክና እንግሊዝኛ የሚያውቅ ሰው ያስፈልግ ነበረ፣ ወጣቶቹም ያውቃሉ። ነገር ግን አሮጌው ሠራተኛ ስለ መሥመሩ የሚያውቀው ነገር፣ ጐርፍ በየት በኩል እንደሚወርድ፣ ሙቀት ሐዲዱን እንዴት እንደሚያጣምመው፣ ግመልና ከብት በየትኛው ስፍራ እንደሚሻገር፣ ይህ በወጣቶቹ መጽሐፍ ውስጥ አይገኝም። አዲሱ ባቡር በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከብትና ግመል እየገጨ ከአርብቶ አደሩ ጋራ ብዙ ጊዜ መጣላቱ ይታወቃል። በምኒልክ ዘመን ግመል ነጂው የውሃውን ጕድጓድ አልተጠየቀም፤ ከመቶ ዓመት በኋላም የአሮጌው ባቡር ሠራተኛ የግመሉን መንገድ የጠየቀው አልበዛም።

መንግሥታቱና ቻይናዎቹ ትምህርቱን ፈጽመው አልዘነጉትም። መጋቢት 19 ቀን 2011 ዓ.ም. በጅቡቲ የኢንዱስትሪና የንግድ ትምህርት ቤት ውስጥ የሉባን አውደ ጥናት የተባለው ማሠልጠኛ ተከፈተ፤ በአፍሪካ የመጀመሪያው ነው። ስሙ የተወሰደው ከጥንታዊው የቻይና አናጢ ከሉ ባን ሲሆን፣ ከቲያንጂን ከተማ የመጡ የሙያ ትምህርት ቤቶች የባቡር ሥራና የንግድ ነክ ትምህርት ያስተምሩበታል። እውነተኛ መሣሪያ ላይ እጁን አሳርፎ የሚማር ተማሪ ማየት ለማንኛውም አስተማሪ ደስ የሚያሰኝ ነገር ነው። በአገራችንም በ1934 ዓ.ም. የተከፈተው የአዲስ አበባው ተግባረ እድ የቆመው በዚሁ አሳብ ነበረ። ሁለቱም በመጀመሪያ የታሰቡት ለወጣት ነው። ለአባቱ፣ ቀን ሲሠራ ውሎ ማታ ብቻ ጊዜ ላለው፣ ስምንተኛ ክፍል ላልደረሰ፣ በክፍል ውስጥ ከልጁ እኩዮች ጋራ መቀመጥ ለሚያፍር ሰው፣ ሌላ ሰዓት፣ ሌላ መጽሐፍና ሌላ የአስተማሪ ጠባይ ያስፈልጋል። የማታ ትምህርት ቤቶቻችን የሚያስተምሩት አብዛኛውን ጊዜ የቀኑን ትምህርት ነው፤ የጨለመው ሰዓቱ እንጂ መጽሐፉ አልተለወጠም።

በአዲሱ ባቡር ላይ ትምህርቱ የተሳካበት መንገድ ከአሮጌው መሰላል እምብዛም አልራቀም። ሥራው ሲጀመር መዘውሩን የያዙት ቻይናውያን ነጂዎች ነበሩ፤ የኢትዮጵያና የጅቡቲ ወጣቶችም ከጐናቸው ተቀምጠው እያዩ፣ ቀጥሎ እየረዱ፣ ቀጥሎ በቻይናዊው ዐይን ሥር እየነዱ ተማሩ። ለስድስት ዓመት የተያዘው የአስተዳደር ውል አልቆ በ2016 ዓ.ም. ሥራው ለሁለቱ አገሮች ሲተላለፍ፣ በጐን ተቀምጦ የነበረው ሰው ወደ ነጂው ወንበር ተሻገረ። ያ የጐን ስፍራ በእንፋሎቱ ዘመን እሳት አንዳጁ የቆመበት ስፍራ ነው። በድሬዳዋ አውደ ጥገና ለዓመታት የናፍጣ ሞተር ሲፈቱና ሲገጥሙ ከኖሩት ሰዎች መካከል ግን በዚያ ስፍራ እንዲቀመጥ የተጠራው ጥቂት ነው።